“አንድ ሰው አለ” ብዬ እናቴን ዋሸኋት

ውድ የዓምዱ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሌሎችን ደብዳቤ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ የራሴን ጽፌ እልካለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ከቤተሰቦቼ ርቄ ትልቅ ከተማ ውስጥ ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደመወዜ ከኪራይና ከወር ወጪ ተርፎ ለወላጆቼም ጥቂት እልካለሁ። አንዲት ክፍል ለጊዜው ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከአልጋ፣ ከትንሽ ጠረጴዛና ከአንድ ወንበር በቀር ዕቃ አልገዛሁም፤ ለጊዜው ይበቃኛል ብዬ ነው። ከውጭ የሚያየኝ ሰው “ተሳክቶላታል” ይላል። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ስነቃ፣ መስኮቱን ከፍቼ መጽሐፌን ይዤ ስቀመጥ፣ እውነታቸውን ነው እላለሁ።

ማታው ግን ሌላ ነው። ከሥራ ስወጣ እግሬ ይጎተታል። በሩን ስከፍት የቁልፉ ድምፅ ራሱ ያስከፋኛል። ከቅርብ ጓደኞቼ ሦስቱ በሁለት ዓመት ውስጥ አገቡ፤ አንዷ ወልዳለች። ችግሬን ላወራቸው ስጀምር “አንቺ ደግሞ ምን አለብሽ!” ይሉኛል። አከራዬ ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት ገባሁ እያለች ትቆጥራለች።

እናቴ በየእሑዱ ትደውላለች። በምንም እንጀምር፣ መጨረሻው “ዕድሜሽ እየሄደ ነው” ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን መረረኝና “አንድ ሰው አለ፤ ለጊዜው ግን ለማንም አትናገሪ” አልኳት። እንደዚያ ስትደሰት ሰምቻት አላውቅም። ሥራውን ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ጠባዩን ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። አንድ ጊዜ “ለምን አያናግረኝም?” ስትለኝ ታሟል አልኳት፤ ስትጸልይለት ሰነበተች። አሁን ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው፤ ሠርጉ ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶታል። እናቴም “ይዘሽው ነይ፤ አባትሽም ይየው” ትለኛለች።

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ጨዋ ሰው አለ፤ ለትዳር እንደሚፈልገኝ ነግሮኛል። ክፉ ነገር አላየሁበትም። ስለ እሱ ሳስብ ግን ልቤ ውስጥ ምንም አይነቃነቅም። እሺ ብዬው ወደ ሠርጉ ይዤው ብሄድ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይፈታ ነበር፤ ውሸቱም እውነት ይሆናል፣ ማታውም ይሞላል። ፍቅሩ ቀስ ብሎ ይመጣ ይሆናል። ወይስ ጉድለቱ እኔ ላይ ነው? እባክዎ ይምከሩኝ። ስሜ ለጊዜው ይቆይ።

የአማካሪዋ መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ቀልቤን የሳበው ያ የሌለው ሰው ነው፤ ታሞ እናትሽ የጸለየችለት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ ያረፈው ወንበርሽ ላይ ነው። አራት ዓመት፣ አንድ ወንበር። “ለጊዜው” የሚለውንም ቃል ቆጠርኩት፤ አራት ቦታ አገኘሁት። ቤቱ ለጊዜው ነው፣ ዕቃው ለጊዜው ነው፣ ውሸቱ ለጊዜው ነበር፣ ስምሽ እንኳ ለጊዜው ይቆይ ብለሻል። ወደ ወንበሩ እመለሳለሁ። አስቀድመን ቀን የተቆረጠለትን ጉዳይ እንያዝ።

አንድ “እሺ” ሁሉንም ይፈታል ብለሻል። እንዲህ የመሰለሽ ሦስት የተለያዩ ክሮች በአንድ ቦታ ስለተቋጠሩብሽ ነው፤ እናትሽ፣ ባልደረባሽና ማታው። እያንዳንዱን ለየብቻው ብንስበው ይሻላል። ከባልደረባሽ ልጀምር፤ ከሦስቱ ውስጥ በምን ጉዳይ ውስጥ እንደገባ የማያውቀው እሱ ብቻ ነውና።

በሠርጉ ቀን አጠገብሽ ቆሟል እንበል። እናትሽ ሁለት እጁን ይዛ “ያ ሕመምህ ተሻለህ ወይ ልጄ?” ትለዋለች። ምን ይመልሳል? ወይ አስቀድመሽ ታስጠኚዋለሽ፣ ወይ እዚያው ፊቱ ሲለዋወጥ ታያለሽ። የአንድ ዓመት ታሪክ ያለው የሌላ ሰው ልብስ ልታለብሺው ነው፤ በልኩ ደግሞ አልተሰፋም። እሱ እንደ ገለጽሽው ጨዋ ከሆነ ይህ አይገባውም። ጨዋ ባይሆንም አይገባውም።

ፍቅር ቀስ ብሎ ይመጣል ያልሽውን አልንቀውም። በእርግጥ ቀስ ብሎ የመጣላቸው፣ መጥቶም ረጅም ዘመን የቆየላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን እንዲህ ያለውም ፍቅር መነሻ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ያንን ሰው የማወቅ ጉጉት ያስፈልገዋል። “ክፉ ነገር አላየሁበትም” ማለት ለጎረቤት የሚበቃ ምስክርነት ነው፤ ለባል ግን ትንሽ ያንሳል። እስቲ ልጠይቅሽ። አንድ የሚያስቅ ነገር ሲያጋጥምሽ ለእሱ መንገር ያምርሻል? ከእሱ ጋር ስታወሪ ጊዜው ይሄዳል ወይስ ሰዓትሽን ታያለሽ? እናትሽ ባትደውል፣ ሠርግ ባይኖር፣ ማታው ባይከብድሽ እሺ ትይው ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ ለብቻሽ ሆነሽ፣ ለማንም ሳታስረጂ መልሺው። መልሱ “አላውቅም፣ ግን ላውቀው እፈልጋለሁ” ከሆነ በር አለው፤ ከሠርጉ በኋላ ያለ ምንም ችኮላ ትቀርቢዋለሽ። እስከዚያው “ስለ ነገርከኝ አከብርሃለሁ፤ አሁን ግን ከቤተሰቤ ጋር ያልጨረስኩት ጉዳይ ስላለ በነጻ ልብ ማሰብ አልቻልኩም” ብትይው በቂ ነው። ልብሽ ከወዲሁ “አይሆንም” ካለ ግን ዘጠኝ ሳምንት አታስጠብቂው። አንድ ነገር ደግሞ አልጻፍሽልኝም፤ ይህ ሰው የሥራ አለቃሽ ነው? ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፤ እምቢ ብትይ ሥራሽ ላይ ምንም አይደርስም?

አሁን ወደ እናትሽ። ለምን ዋሸሽ ብዬ አልወቅስሽም፤ በየሳምንቱ አንድን ቁስል የሚነካ ሰው ሲገጥመን እጁን ለማራቅ የማንናገረው ነገር የለም። ደግሞም ውሸቱ ሠርቶልሻል። ለአንድ ዓመት ያህል እሑዶችሽ ሰላም አግኝተዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያንቺ ጉዳይ ግን እስኪጠራ ለማደር ዘጠኝ ሳምንት ብቻ ነው ያለው።

“ተጣላን፣ ተለያየን” ማለትም በሐሳብሽ ሳይመጣ አይቀርም። እኔም አስቤዋለሁ፤ ቀላሉ መንገድ እሱ ይመስላል። ግን እናትሽን አስቢያት። ለሕመሙ የጸለየች ሴት ለመለያየታችሁ ዝም አትልም። ታለቅሳለች፣ ላስታርቃችሁ ትላለች፣ ስልኩን ስጪኝ ትላለች። አንቺም በሌለ ሰው ምክንያት የምትጽናና ሴት ሆነሽ ልትተውኚ ነው። ከወር በኋላም እሑድ ያው እሑድ ይሆናል፤ ያውም “ያንን የመሰለ ሰው አጣሽ” የሚል ተጨምሮበት።

ስለዚህ እውነቱን ብትነግሪያት እመርጣለሁ፤ የምትነግሪበትን ጊዜና ቦታ ግን አንቺ ምረጪ። በሠርጉ ሳምንት ፈጽሞ አይሁን፤ ያ ሳምንት የእህትሽ ነው። በተለመደው የእሑድ ስልክም አይሁን፤ በዚያ ሰዓት ሁለታችሁም የየራሳችሁን ቃል በቃላችሁ ትወጡታላችሁ። አንድ ቅዳሜና እሑድ ሄደሽ ፊት ለፊት ብታናግሪያት ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ ባልተለመደ ቀን፣ ብቻዋን በምትሆንበት ሰዓት ደውዪላት። ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። “እማዬ፣ አንድ ሰው አለ ያልኩሽ እውነት አልነበረም። በየእሑዱ ሳሳዝንሽ ደከመኝና ነው የዋሸሁሽ። ተቆጪኝ፣ ግን ስሚኝ” በቂ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ዝም በዪ። ትቆጣ ይሆናል፣ ስልኩን ትዘጋ ይሆናል፣ የጸለየችውን ጸሎት ታነሳብሽ ይሆናል። ቁጣዋን ለማብረድ ስትይ አዲስ ተስፋ አትስጫት፤ “በቅርቡ አገኛለሁ” የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። የመጀመሪያው ውሸት የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ደቂቃ ነው። ሲበርድላት ደግሞ የምትፈልጊውን ንገሪያት። “ስለ ጋብቻ ስትጠይቂኝ ስለ ሌላው ነገሬ ሁሉ አትጠይቂኝም” ብትያት ለምሳሌ። እናትሽ ስለ ሥራሽ፣ ስለዚያ የቅዳሜ ጠዋትሽ የምታውቀው ነገር አለ? ምናልባት ስለ ጋብቻ ብቻ የምትጠይቀው ሌላ የምትጠይቅበት ነገር ስላልተሰጣትም ይሆናል።

ስለ እህትሽ ደግሞ ከሠርጓ ቀን በቀር አንድ ቃል አልጻፍሽም። ታናሽሽ ቀድማሽ ስታገባ ምን ተሰማሽ? ደስታና ቅናት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን ውሸት አያደርገውም። ከእናትሽም በፊት ለእህትሽ ብትነግሪያት አንድ የምትደገፊበት ሰው ታገኚያለሽ ብዬ አስባለሁ። እሷን የምታውቂያት አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ማታው ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ ብዙ ያቆየኝ እሱ ነው። በሩን ስትከፍቺ ማን ቢቀበልሽ ትወጃለሽ? ባል ነው? ወይስ የቀኑን ወሬ የምትነግሪው፣ ስትገቢ “መጣሽ?” የሚልሽ ማንኛውም ሰው? ይህን የምጠይቅሽ በከንቱ አይደለም። ሮበርት ዋይስ የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ብቸኝነትን በሁለት ከፍሎ አሳይቶ ነበር። አንደኛው ልብ የሚጣልበት አንድ የቅርብ ሰው ማጣት ነው። ሁለተኛው የሚያውቁን፣ የሚቀልዱብን፣ ብንቀር የት ሄደች የሚሉን ሰዎች ክበብ ማጣት ነው። ዋይስ ያስተዋለው ትልቅ ነገር አንዱ በሌላው አይተካም የሚል ነው። ባሎቻቸውን ተከትለው ወደ ሌላ አካባቢ የሄዱ ሚስቶች ትዳራቸው መልካም ሆኖም ጓደኛ በማጣት ብቻ በብቸኝነት ይሠቃዩ ነበር። በተቃራኒው ከትዳራቸው የተለዩ ሰዎች በዙሪያቸው ብዙ ወዳጅ አፍርተውም ያ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ይሆንባቸው ነበር።

የአንቺን ደብዳቤ በዚህ ዓይን ሳየው፣ ሦስት ጓደኞችሽ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአጠገብሽ ዞር ማለታቸው ጎልቶ ይታየኛል። ክበቡ ነው የፈረሰብሽ። የትዳር ፍላጎት የለሽም ማለቴ አይደለም፤ ሊኖርሽ ይችላል፣ መብትሽም ነው። ነገር ግን በጓደኛ የሚሞላውን ባዶ ቦታ በባል ልሙላው ብትይ፣ ያው ማታ ሁለት ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። እሱ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው።

የሒሳብ ሰው ነሽና ቁጥር ላምጣልሽ። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በቅርቡ መኖሪያ የቀየሩ ሰዎችን እያካተተ ጓደኝነት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለመገመት ሞክሮ ነበር። ከትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90 ገደማ፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። ሥራ ቦታ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚያልፈው ሰዓት ደግሞ ያን ያህል አይቆጠርም። እስቲ አካፍዪው። ከአንድ ሰው ጋር በሳምንት ሦስት ሰዓት ብታሳልፊ የመጀመሪያዋን ደረጃ ለመሻገር አራት ወር ይፈጅብሻል፤ የልብ ወዳጅ ለማፍራት ከአንድ ዓመት በላይ። ሁለት ጊዜ ተገናኝተን አልተግባባንም ብለሽ የተውሻቸው ሰዎች ካሉ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሰጠሻቸው። “ጉድለቱ እኔ ላይ ነው?” ላልሽው የእኔ መልስ ከሞላ ጎደል እዚህ ውስጥ አለ። የጎደለሽ ሰዓት ነው፤ ከተማ ደግሞ ሰዓት የማይገኝበት ቦታ ነው። መንገዱ፣ ሥራው፣ ድካሙ ይወስደዋል።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ያንኑ ሰዎች የምታገኚበት ነገር ፈልጊ። የቋንቋ ትምህርት ይሁን፣ መዘምራን ይሁን፣ የንባብ ቡድን ይሁን፣ ስፖርት ይሁን፣ ምንነቱ ብዙ ለውጥ የለውም። መደጋገሙ ነው ዋናው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይደብርሻል። እንደ ሒሳብ መዝገብ ቁጠሪውና ቀጥዪ።

ያቺን የወለደችውን ጓደኛሽንም ዝም ብለሽ አትተያት። “አንቺ ደግሞ ምን አለብሽ!” ስትልሽ ችግርሽን እየናቀች መስሎሻል፤ ምናልባት ግን ያን የቅዳሜ ጠዋት እንቅልፍሽን እየተመኘች ነው። ልጅ የያዘች ሴት ውጭ እንገናኝ ሲሏት ጭንቅ ነው የሚይዛት። ቤቷ ሂጂ። የታጠበውን ልብስ አብረሻት እያጠፍሽ አውሪያት። ምን እንደጎዳሽም ያኔ ንገሪያት፤ “ምን አለብሽ ስትይኝ ማውራት አቆማለሁ” በዪያት። እጇ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጥሩ አድማጭ ነው፤ ይህን ከራሴ ሕይወት ነው የማውቀው።

ዕድሜን በተመለከተ እናትሽ ፈጽሞ ተሳስታለች ብዬ አልሸነግልሽም። የሴት ልጅ የመውለድ አቅም ከ32 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ፣ ከ37 በኋላ ደግሞ ፈጠን እያለ እንደሚቀንስ ሐኪሞች ይናገራሉ። የጤና ጥያቄ ካለሽ ደግሞ የሴቶች ሐኪም አማክሪ፤ በሐሳብ ከመብሰልሰል ይሻላል። በ29 ዓመት ግን ለማሰብ ጊዜ አለሽ፤ በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ ባል ለማቅረብ የሚያስገድድ ነገር አላይበትም። ደግሞ ልጅ ትፈልጊ እንደሆነ አንድም ቦታ አልጻፍሽም። ትፈልጊያለሽ? ወይስ ይህንንም ሌሎች ስለሚጠይቁሽ ብቻ ነው የምታስቢው?

የአከራይሽ ነገር አጭር ነው። የኪራይ ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ፤ እንግዳ መቀበልን የሚከለክል ነገር ከሌለበት ለማንም ማብራሪያ አትስጪ፤ ሰላምታ ብቻ ይበቃል። በሌላ በኩል፣ ብቻዋን ለምትኖር ሴት አንድ ማታ ሳትገባ ብትቀር የሚያስተውል ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። የምትቆጥር አከራይ ቢያንስ መጥፋትሽን ታውቃለች። እንዲህ ሳስበው ትንሽ አዘንኩላት፤ እሷም ማታው ረዝሞባት ይሆናል የሰው መግቢያና መውጫ የምትቆጥረው።

አሁን ወደ ወንበሩ። እኔም ብቻዬን በኖርኩባቸው ዓመታት መስኮቴ ላይ መጋረጃ ሳልሰቅል ሁለት ዓመት አንሶላ ሸፍኜ ኖሬአለሁ። ገንዘብ አጥቼ አልነበረም። መጋረጃ ብገዛ እዚያ እንደምቀር ያህል ይሰማኝ ነበር፤ ትክክለኛው ቤቴ ሌላ ቦታ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ አንሶላው ወድቆ ሳገኘው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በማግስቱ ሄጄ አረንጓዴ መጋረጃ ገዛሁ። ከዓመታት በኋላ ሳገባም ይዤው ሄጃለሁ፤ ለአዲሱ መስኮት ግን አጠረ።

አንቺም ብታገቢም ባታገቢም አራት ዓመት የኖርሽበት ቤት ቤት ነው። ያ የቅዳሜ ጠዋት ራሱ በዚያ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ከእናትሽም ጋር፣ ከባልደረባሽም ጋር ከመነጋገርሽ በፊት፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሁለተኛ ወንበር ግዢ። ውድ መሆን የለበትም፤ ያገለገለም ቢሆን ምንም አይደለም። ከዚያ ያቺን ጓደኛሽን ከነልጇ ጥሪያት፤ ሁልጊዜ አንቺ ብቻ የምትሄጂ አትሁኚ። ስትመጣ አልጋው ጫፍ ላይ አትቀመጥ።